ያጎቴ ሽጉጥና "አይዝግም" የተባለው ብረት

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አጎቴ ከመንዟ መሃል ሜዳ ከተማ ደወሉልኝ። ከጋሼ ጋር ስልክ ማለት ሰላምታው ብቻ አስር ደቂቃ ነው፣ የልጆቹ ጤና፣ የበጉ ዋጋ፣ ዝናቡ ገባ አልገባ፣ ማን ታመመ ማን ተዳረ ካለቀ በኋላ ነው ዋናው ጉዳይ የሚመጣው፣ የዛን ቀን ዋናው ጉዳይ "አንተ፣ ይቺ አትዝግም ያላችሁኝ ሽጉጥ ዛገች እኮ፣ ያንተ ስራ ስቴንለስ አይደል፣ እስቲ ናና እያት" የሚል ነበር። ድምፃቸው ላይ ቅሬታ አለ። ስቴንለስ ሲባል የሰሙትና ያመኑት አንድ ነገር ነው፣ አይዝግም። ከዛገ ታዲያ ወይ ሲገዙ ተታለዋል ወይ እሳቸው አበላሽተውታል ማለት ነው ብለው ሲብሰለሰሉ ነው የከረሙት። ሁለቱም እንዳልሆነ በስልክ ላስረዳቸው ሞከርኩ ግን ስልክ ላይ የሚገባ ነገር አይደለም፣ እመጣለሁ አልኳቸው።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ስቴንለስ ነው የምሰራው፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የበረንዳ አጥር፣ የሆቴል ኩሽና ጠረጴዛና ሲንክ ምናምን። የሽጉጥ ጠጋኝ አይደለሁም። የሽጉጥ ሆድ ዕቃ ውስጥ እጄን አላስገባም፣ ማንም የማያውቅ ሰውም ባያስገባ ነው የምለው። ግን የዚህን ብረት ፊት አውቀዋለሁ፣ እንዴት እንደሚቆሽሽ፣ እንዴት እንደሚጫጫር፣ እንዴት ተመልሶ እንደሚያምር በየቀኑ የምኖረው ነገር ነው። ይሄን የምጽፈውም ከዛ ጉዞ በኋላ ሦስት ዘመዶቼ "ለኛም አብልጭልጭልን" ስላሉኝና ለሦስቱም አንድ አይነት ነገር ሳስረዳ ስለከረምኩ ነው።

ሽጉጧ አሜሪካ ሰራሽ ሪቮልቨር ናት፣ ባለ 38፣ አምስት ጥይት የምትጎርስ፣ አፈሙዟ አጭር፣ እጀታዋ እንጨት፣ ሌላው ሁለመናዋ ስቴንለስ። ጋሼ አዲስ አልገዟትም፣ ከሌላ ሰው በህጋዊ መንገድ የዞረችላቸው ናት። አዋጅ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መሳሪያ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሳቸው ወረቀቷ ሙሉ ነው፣ ቁጥሯ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፣ ይሄን የማነሳው ኋላ ላይ ስለ ቁጥሩ የምለው ስላለ ነው። ፎቶ ያላስቀመጥኩትም ለዚሁ ነው፣ የሰው መሳሪያ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይለጠፍም።

ሽጉጧን ወደ ደብረ ብርሃን ላምጣት አላልኩም፣ ፈቃዱ በሳቸው ስም ነው፣ እኔ ይዤ የምዞርበት ምክንያት የለም። ዕቃዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ እኔ ሄድኩ። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ከ320 እስከ 800 (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ ይልማል)፣ አዲስ ስኮች ብራይት፣ ሽቦ የሌለው ሻካራ መፈተጊያ ማለት ነው፣ ቀዩም ግራጫውም፣ ሁለት የጥርስ ብሩሽ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የተማሪ ላጲስ፣ በልኩ የተላገች ትንሽ ወይራ፣ አንድ ጠርሙስ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት። በቃ ይሄው ነው፣ ሞተር ያለው ነገር አልያዝኩም፣ ሆን ብዬ ነው።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ እንደተለመደው መኪናውን ዋጠው፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነው ቦታው፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ከሚሄድ ሰው እኩል እየተሳበ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ ትተን ወደ መዘዞ ታጠፍን፣ ከዛ ሞላሌ፣ ከዛ መሃል ሜዳ። የመስኮቱን ውስጠኛ ገፅ በጣቴ ስነካው ውሃ ነው። ሽጉጧ ምን እንዳገኛት ግማሹ መልስ እዛ መስታወት ላይ ነበር። ብረት ውጪ በርዶ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ እንደዛ መስታወት ያልበዋል፣ ጋሼ ደግሞ ገበያ ሲሄዱም ለቅሶ ሲሄዱም ወገባቸው ላይ አድርገዋት ይወጣሉ፣ ማታ በብርዱ ተመልሰው ምድጃ ያለበት ቤት ይገባሉ፣ ከነቆዳ ቤቷ ምስማር ላይ ይሰቅሏታል። ያላባት ብረት እርጥብ ቆዳ ውስጥ ታድራለች፣ ደግሞ በነጋታው እንደዛው።

ቆዳው ነው ጠላቷ። ቆዳ ሲለፋ ጨውና ኬሚካል ይነካዋል፣ ደረቅ ሲመስልም ውስጡ እርጥበት ይይዛል፣ የሰው ላብም ጨው ነው። ሽጉጧን ከቤቷ ሳወጣት መጀመሪያ ያየሁት በቀኝ ጎኗ ላይ የቆዳው ስፌት ቁልጭ ብሎ መታተሙን ነው፣ ክሩ ያለፈበት ቦታ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ በቡናማ ተጽፏል፣ ስፌቱን ከብረቱ ላይ መቁጠር ይቻላል። ጥይቱ የሚገባበት ክብ ከበሮ ላይ ደግሞ ቆዳው የሚጫናት ቦታ አውራ ጣት የሚያክል ቡናማ ደመና አለ። በግራ ጎኗ ያለው ግን ሌላ ነው፣ ብርቱካንማ፣ እንደ በርበሬ የተበተነ፣ የትም የትም ያለ። አይቼ "ጋሼ፣ ይቺን ሽጉጥ በድስት ሽቦ የፈተጋት ሰው አለ?" አልኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዛ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት፣ ልጁ መሬት መሬት አየ።

አልተቆጣሁትም፣ ምክንያቱም ይሄን ስህተት እኔም ሰርቼዋለሁ። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ደንበኛ የደረጃ መደገፊያ ሰርቼ እዛው ግቢው ውስጥ ደግሞ ተራ ላሜራ በሞላ፣ በኤሌክትሪክ መቁረጫና መፈተጊያው ማለቴ ነው፣ እቆርጥ ነበር፣ የእሳቱ ፍንጣሪ ስቴንለሱ ላይ ያርፋል፣ እኔ ምንም አልመሰለኝም። ሦስት ሳምንት ዝናብ እንደዘነበበት ሰውየው ደወለ፣ ሄጄ ሳየው መደገፊያው ከላይ እስከ ታች ኩፍኝ የወጣበት ህፃን መስሏል። ስቴንለሱ አልነበረም የዛገው፣ ላዩ ላይ የተጣበቀችው የተራ ብረት ብናኝ ናት የዛገችው። ሁለት ቀን በነፃ ፈትጌ አስረከብኩት። የድስት ሽቦም ከተራ ብረት የተሰራው እንደዚሁ ነው የሚያደርገው፣ ሲፈትጉበት ያበራል፣ ደስ ይላል፣ ግን እየተሰበረ ጭረቱ ውስጥ ቅሬቱን ይተዋል፣ ከሳምንት በኋላ ያ ቅሬት ይዝጋል፣ ሰውም ዝገቱ ተመልሶ መጣ ብሎ እንደገና በሽቦ ይፈትጋል። በረኪናም ከዚህ ይብሳል፣ በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የስቴንለስ ዋና ጠላት ነው፣ ሲንክ ላይ በረኪና ደፍተው አሳድረው ጥቁር ነጠብጣብ አወጣብን ብለው የጠሩኝ ቤቶች ብዙ ናቸው።

ያን ቀን ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብለን ለጋሼ ያስረዳኋቸውን እዚህም ልድገመው። ስቴንለስ የማይዝገው ብረት ስላልሆነ አይደለም፣ ውስጡ ክሮሚየም ስላለ ነው፣ ቢያንስ 10.5 ከመቶ። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ በጣም ስስ ቆዳ ላዩ ላይ ያበጃል፣ ቢጫጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱ ተመልሶ ይደርቃል፣ ልክ ቁስል እንደሚሽር። አየር የማያገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ እርጥብ ቆዳ ስር፣ ጨውም ካለ፣ ያ የክሮሚየም ስስ ቆዳ ይቀደድና መዳን ያቅተዋል፣ ከዛ አንዷ ነጥብ ላይ ወደ ውስጥ መብላት ይጀምራል። እንደ ተራ ብረት ሰፋ ብሎ አይዝግም፣ እንደ ነቀዝ ነው ቀዳዳ የሚያወጣው።

ጋሼን የገረማቸው ግን ታሪኩ ነው፣ እኔንም መጀመሪያ ሳውቀው ገርሞኛል። እንግሊዝ ሀገር ሼፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሬርሊ የሚባል የብረት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1912 የጠመንጃ በርሜል ውስጡ ቶሎ እየተበላ አስቸገረ፣ የማይበላ ብረት ፈልግልን ተባለ። ክሮሚየም እየጨመረ ሲሞክር ሲሞክር በ1913 ነሐሴ ላይ 12.8 ከመቶ ክሮሚየም ያለው ብረት አቀለጠ። ብረቱ ስም ያወጣው ግን በበርሜል አይደለም፣ በቢላና በሹካ ነው፣ ወደ ሽጉጥ ለመመለስ ሃምሳ ምናምን ዓመት ፈጀበት፣ ከስቴንለስ የተሰራ የመጀመሪያው ሪቮልቨር የሚባለው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 60 የወጣው በ1965 ነው። ጋሼ ይሄን ሰምተው ሽጉጧን አገላብጠው አዩአትና "እንግዲያ የማንኪያ ዘመድ ነሻ" አሏት።

ማንኪያ ሲነሳ ጎረቤታቸው ማግኔት ይዞ መጣ፣ የሬዲዮ ስፒከር ማግኔት። ማንኪያው ላይ አይዝም፣ ሽጉጧ ላይ ጥብቅ ይላል፣ "ይኸው ሀሰተኛ ናት" አለ። ይሄን ነገር ገበያ ላይም ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁና ልንገራችሁ፣ ማግኔት የስቴንለስ መፈተኛ አይደለም። ማንኪያው ላይ 18/10 የሚል ካለ 18 ክሮሚየም 10 ኒኬል ማለት ነው፣ ኒኬሉ ነው ማግኔት እንዳይዘው የሚያደርገው፣ እኛም ለሲንክና ለመደገፊያ የምንጠቀመው 304 የዛው ወገን ነው። ለሽጉጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚውለው የ400 ወገን ነው፣ 410፣ 416 የሚባሉት፣ እሳት አይተው የሚጠነክሩ ናቸው፣ ማግኔት ይይዛቸዋል፣ ጥንካሬ ይበልጣሉ ግን ዝገት የመቋቋም አቅማቸው ከማንኪያው ያንሳል። ስለዚህ ያው "ስቴንለስ" ተብሎ ማንኪያው ውሃ ውስጥ አድሮ ምንም ሳይሆን ሽጉጧ ቆዳ ውስጥ ብትዝግ ማንም አላታለለም። ጋሼ በዚህ ነገር ልባቸው እንዳረፈ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ስራው በነጋታው ጠዋት ተጀመረ፣ ማታ በመብራት አይሰራም፣ የመስኮት ብርሃን ነው የሚያስፈልገው። ከሁሉ በፊት ጋሼ ከበሮውን ከፍተው አምስቱንም ጥይት አወጡ፣ እኔ ደግሜ በጣቴ አምስቱንም ቀዳዳ ነካሁ፣ ጥይቱን ወስደው ጓዳ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፣ ስራው የሚሰራበት ክፍል ውስጥ አንድም ጥይት እንዳይኖር። አውቃለሁ ባዶ ናት የሚል ሰው ነው ሁልጊዜ ሰው የሚጎዳው።

ከዛ መታጠብ። ላምባ በጥርስ ብሩሽ፣ የዓመታት ባሩድና ቅባት ከነቆሻሻው ወረደ። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር፣ ዝገት የመሰለን ግማሹ ዝገት አልነበረም፣ የቆዳው ቀለምና የምድጃ ጭስ ነው። ከዛ የቀረው ላይ ዘይት ቀብቼ ግማሽ ሰዓት አቆየሁትና በግራጫው ስኮች ብራይት ቀስ ብዬ ሳሸው ከበሮው ላይ የነበረው ቡናማ ደመና ሙልጭ ብሎ ጠፋ፣ ምንም ብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው። አብዛኛው ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ቢያቆም ይበቃዋል፣ እውነቴን ነው። እትዬ ላምባው ሲሸታት የቤት አረቄ አምጥታ "በዚህ ጥረገው" አለችኝ፣ ላምባውን ሳሙና ካነሳው በኋላ በአረቄው ጠረግኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን አረቄ ግማሹ ውሃ ነውና ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው።

አሁን ወደ ጭረቱ። ስቴንለስ ላይ የምትሰሩ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ብረቱ መስመር አለው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቦረሸበት አቅጣጫ፣ እንደ እንጨት ክር ማለት ነው። ሽጉጧን መስኮት ስር ይዤ ቀስ ብዬ ሳዞራት ጎኗ ላይ ያለው መስመር ከኋላ ወደ አፈሙዝ ርዝመቱን እንደሚሄድ፣ ከበሮው ላይ ያለው ደግሞ ዙሪያውን እንደሚዞር አየሁ። የልጁ የሽቦ ፍትጊያ ግን ክብ ክብ ነው፣ ድስት እንደሚታጠበው። ዓይን የሚያስቀይመውም ይሄ ነው፣ ጥልቀቱ ምንም ሳይሆን አቅጣጫው ከመስመሩ ጋር ስለተጣላ። ስለዚህ የኔ ስራ ጭረትን ማጥፋት አይደለም፣ የተጣላውን ጭረት በሚስማማ ጭረት መተካት ነው። ይሄ የገባው ሰው ስቴንለስ መስራት ይችላል፣ ያልገባው ሰው የፈለገ ማሽን ቢኖረው ያበላሻል።

መጀመሪያ ፕላስተር። ጽሑፉ ሁሉ፣ የፋብሪካው ማህተም፣ በተለይ ቁጥሩ፣ በወረቀት ፕላስተር ሁለት ድርብ ተሸፈነ። ቁጥሩ የመሳሪያው መታወቂያ ነው፣ ከወረቀቱ ጋር ካልተነበበ ሽጉጡ ህጋዊነቱን ማስረዳት አይችልም፣ ቁጥሩ ዙሪያ ጭረት ቢኖርም ይኑር፣ አልነካውም። አንድ የማውቀው ሰው የሱን ሽጉጥ አንድ ወርክሾፕ ሰጥቶ በሞላ ጨርቅ ጎማ አስወልውሎ ነበር፣ መስታወት ሆኖ ነው የመጣለት፣ ፊትህን ታይበታለህ፣ ግን ጠርዙ ሁሉ እንደ ሳሙና ተሟሙቶ፣ ፊደሎቹ ጥላ ሆነው፣ ቁጥሩ ላይ አንዱ 8 ይሁን 3 የማይለይ ሆኖ። ፈቃድ ሊያሳድስ ሲሄድ ያየውን መከራ እሱ ነው የሚያውቀው። ሞተር ያለው ነገር ያልያዝኩት ለዚህ ነው፣ ሞላ በሁለት ሴኮንድ የሚወስደውን ብረት ማንም አይመልሰውም፣ የእጅ ስራ ግን በየትኛውም ደቂቃ ላይ ማቆም ይቻላል።

ከዛ 400 ቁጥሩን ወረቀት ወይራዋ ላይ ጠቅልዬ፣ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ሳሙና ጨምሬ እየነከርኩ፣ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። ወደ ፊት ስቦ ማንሳት፣ መልሶ ከኋላ መጀመር፣ ወዲያና ወዲህ ማሸት የለም፣ ወዲያና ወዲህ ሲታሸ እጅ ሳያስበው ይጠማዘዛል መስመሩም ይጣመማል። ወይራዋ ጠፍጣፋ ስለሆነች ብረቱንም ጠፍጣፋ አድርጋ ትይዘዋለች፣ በጣት ብቻ የሚፈትግ ሰው ሳያውቀው ጉድባ ጉድባ ያወጣል፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ውሃ ማዕበል ይታያል። የቀኝ ጎን መክደኛውን ሳልፈታ እንዳለ ነው የሰራሁት፣ ይሄም ምክንያት አለው፣ መክደኛውና አካሉ የሚገናኙበት መስመር ፀጉር የማይገባበት ጥብቅ ነው፣ አውጥተህ ለየብቻ ከፈተግክ የሁለቱም ጠርዝ ይሟሟና ስትገጥመው ቦይ ይሆናል። አንድ ላይ ሲፈተጉ ግን እኩል ይሄዳሉ። በየአስር ስበቱ አጥቤ መስኮት ስር አየዋለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ክብ ክቡ እንዳለ ነው፣ ከዛ ቀስ በቀስ የክቡ ቅስት እየተቆራረጠ፣ እዚህ ጋ ቁራጭ እዛ ጋ ቁራጭ እየቀረ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ በአዲሱ ቀጥ ያለ መስመር ስር ገብቶ ጠፋ። ጋሼ መነፅራቸውን አድርገው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፣ ያን ሁሉ ሰዓት አልተነሱም፣ አንዴ ብቻ "እኔም ልሞክር?" አሉ። ወይራዋን ሰጠኋቸው። እጃቸው ገበሬ እጅ ነው፣ ከኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይስባል፣ የግራውን ጎን ግማሹን የሰሩት እሳቸው ናቸው።

አፈሙዙ ክብ ስለሆነ ወይራ አይሆንም፣ ላጲሱ ላይ ጠቅልዬ ነው የሰራሁት፣ ላጲስ ከክቡ ጋር ይተጣጠፋል። ከ400 ወደ 600 ተሻገርን፣ 800 አላስፈለገም፣ ምክንያቱም ፋብሪካው ራሱ መስታወት አድርጎ አልሰራትም ነበር፣ ደብዘዝ ያለ ሐር የመሰለ ነው ገፅዋ። በመጨረሻ ቀዩ ስኮች ብራይት፣ ከዛ ግራጫው፣ ረዘም ረዘም ባለ ስበት፣ በዛው አቅጣጫ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ቦታ አንድ የሚሆነው፣ የተሰራውና ያልተሰራው ድንበሩ የሚጠፋው። ስኮች ብራይቱ አዲስ መሆን አለበት፣ ከዚህ በፊት ተራ ብረት የነካ ከሆነ ከድስት ሽቦው በምንም አይለይም።

ያልነካኋቸውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ከነካሁት ይልቅ ይሄ ነው የሚጠቅመው። ቃታውና መቺው፣ በብዙ ስቴንለስ ሪቮልቨሮች ላይ እነዚህ ሁለቱ ስቴንለስ አይደሉም፣ ላያቸውን የጠነከረ ተራ ብረት ሆነው ስስ ክሮም የተቀቡ ናቸው፣ ብርጭቆ ወረቀት ካገኛቸው ክሮሙ ይሄድና በወሩ ይዝጋሉ። የከበሮው የፊት ገፅ ላይ በየቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጥቁር ቀለበት፣ የባሩድ ጥላሸት ነው፣ ያስጠላል፣ ግን በከበሮውና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት የወረቀት ውፍረት ያህል ነው፣ ያንን ገፅ በብርጭቆ ወረቀት መብላት ማለት ክፍተቱን ማስፋት ማለት ነው። በዘይትና በጥርስ ብሩሽ የወጣውን ያህል ወጣ፣ የቀረው ይቅር። የአፈሙዙ ጫፍ፣ ጥይቱ የሚወጣበት ጠርዝ፣ በጨርቅ ብቻ። የጥይት ቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ በፍፁም።

የስፌቱ ነጠብጣቦች ግን አስቸገሩ። አብዛኞቹ በ400 ወጡ፣ ሰባቱ ቀሩ። ላጲስ ላይ ጠቅልዬ ትንሽ ሞከርኩ፣ አጎነበስኩ፣ በጥፍሬ ነካሁት፣ ጥፍር ይይዛል። ጥፍር ከያዘ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ አይፈተግም፣ በዙሪያው ያለውን ብረት ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ወለል ማውረድ ነው ያለው፣ ያ ማለት ሰፊ ሜዳ ጎድጎድ ማድረግ፣ ከዛ ፊደሉም እየሳሳ መክደኛውም እየሳሳ። ለጋሼ አሳየኋቸው፣ "እነዚህን ላጥፋ ካልኩ ጎኗን አከሳታለሁ፣ ከተውኳቸው ግን ዝገቱን ካወጣሁት አይባባሱም" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ተዋቸው፣ ብረቷን አታክሳብኝ" አሉ። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት በዘይት እየነከርኩ ከሰባቱም ውስጥ ቡናማውን ዱቄት አንድ በአንድ አወጣሁት፣ ነጩን ብረት እስካይ ድረስ። ከሁሉም ስራ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ይሄ ነው፣ ማንም አያየውም።

አሲድ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው አለ። እኛ ብየዳ ካለቀ በኋላ ጥቁሩን የምናነሳበት ፔስት አለ፣ ውስጡ ያለው አሲድ አጥንት ድረስ የሚገባ ነው፣ ጓንት ሳይደረግ አይነካም፣ እሱን ሽጉጥ ላይ እንዳታስቡት። ሎሚና ኮምጣጤም ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር አይሆንም፣ 416 የሚባለው ብረት ለመቆረጥ እንዲቀል ድኝ የተጨመረበት ስለሆነ አሲድ ውስጥ ሲቆይ ይጠቁራል ይበላልም። በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥቦ አድርቆ አየር ላይ መተው በቂ ነው፣ ያ የነገርኳችሁ ስስ ቆዳ ራሱ ይመለሳል።

እኛም እንደዛ አደረግን። አጥበን፣ ምድጃ ዳር ሳይሆን ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ ብሩሽ የማይደርስበትን በዶሮ ላባ፣ እትዬ ያመጣችው ነው፣ ዘይት አስነካን። ዘይቱ እንዲንጠባጠብ አይደለም፣ ጣት ሲነካው ለስለስ እንዲል ብቻ። የቆዳ ቤቷን ጋሼ እንዲጥሉ አላልኩም፣ ሲወጡ ይያዟት፣ ሲመለሱ ግን አውጥተው፣ ጠርገው፣ ዘይት በነካ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው የብረት ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈው እንዲያኖሯት ነው የተስማማነው፣ ቆዳው ብቻውን ምስማር ላይ ይሰቀል። ፌስታል ውስጥም አይደረግም፣ ፌስታል ላቡን አፍኖ ይይዛል።

ለጥምቀት ስሄድ ሳጥኑን ከፍተው ጨርቁን ገለጡልኝ። ጎኗ ንፁህ ነው፣ ሰባቱ ጉድጓዶች እንዳሉ ናቸው፣ ቡናማ የለባቸውም። አገላብጬ እያየሁ ግን እጀታው እንጨት ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ሰናፍጭ የምታክል ብርቱካንማ ነጥብ አየሁ። ሰኔ ላይ እጀታውን አልፈታሁትም ነበር፣ እንጨቱ ደህና ስለመሰለኝ። ጋሼ ካቻቪቴ አመጡ፣ ጥይቱን አውጥተን ቀዳዳዎቹን ነክተን እጀታውን ስፈታው የእንጨቱ ውስጠኛ ገፅ እርጥብ ነበር፣ ብረቱም ላይ የእንጨቱ ቅርፅ ዙሪያውን በቡናማ ታትሟል፣ ልክ እንደ ስፌቱ። ዘይትና ግራጫ ስኮች ብራይት አወጣው፣ እንጨቱን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅነውና ውስጡን በዘይት ቀባነው። ጋሼ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ሁለቱን ብሎን ፈትተው ያዩታል፣ አይተውም ይደውሉልኛል፣ ከሰላምታው በኋላ።